ለሕፃናት የሚሆን የሳይንስ መጽሐፍ አመራረጥ

ልጆቹን በቤቱ ለማስተማር ያሰበ አባት ወይም እናት ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠይቀው፤ «ለማስተማር የማያስቸግር፤ ሁሉንም ባንድነት የያዘ አንድ መጽሐፍ የቱ ነው?» ብሎ ነው። ንባብና ጽሕፈትን ለማስተማር ፊደል የቆጠረ ሰው ሁሉ ድፍረት አለው፤ መደመርና መቀነስን የሚያውቅም ሰው ለሕፃን ሊያስረዳ ይችላል። የሳይንስ ነገር ሲነሣ ግን ሕፃኑ ሳይሆን ትልቁ ሰው ይፈራል። «እኔ ያልተማርሁትን እንዴት አድርጌ አስተምራለሁ?» ይላል፤ ከዚህም ፍርሃት የተነሣ ወይ ትምህርቱን ጨርሶ ይተወዋል፤ ወይም ሽፋኑ ያማረውን መጽሐፍ በብዙ ገንዘብ ገዝቶ መደርደሪያ ላይ ያኖረዋል። ስለዚህ በዛሬው የቤተ ሰብ ገጻችን ዕድሜያቸው ከ5 እስከ 9 ዓመት ለሆኑ ልጆች የሚሆን የሳይንስ መጽሐፍ እንዴት እንደሚመረጥ፤ ከተመረጠም በኋላ እንዴት እንደሚሠራበት ለመግለጽ አሰብን። የውጭ አገር ነገር ስናነሣ የምንጽፋቸው ዓመታት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢዎቻችን ይረዱልን።

ነገሩ ትንሽ መስሎ የሚታየው ሰው ይኖር ይሆናል። ነገር ግን ሕፃን አፉን ከፈታበት ጊዜ ጀምሮ ጥያቄ አያልቅበትም። ጨረቃ ስለ ምን እንደምትከተለው፤ ዝናም ከየት እንደሚመጣ፤ ጉንዳን ተሰልፎ ወዴት እንደሚሄድ ይጠይቃል። «ዝም በል፤ ልጅ እንዲህ ያለ ነገር አይጠይቅም» የሚል መልስ ደጋግሞ የሰማ እንደ ሆነ ግን ጥቂት ዓመት ሳይቆይ መጠየቁን ይተዋል። ያን ጊዜ ወላጆቹ ጨዋ ልጅ አገኘን ብለው ደስ ይላቸዋል፤ የጠፋው ነገር ምን እንደ ሆነ የሚያውቁት ግን ዘግይተው ነው። ከልጅነቱ ጀምሮ የተነገረውን ሁሉ ሳይመረምር እየተቀበለ ያደገ ሰው፤ ሹመት ባገኘ ጊዜ የቀረበለትን ወረቀት ሁሉ ሳይመረምር የሚፈርም ይሆናል። ስለዚህ ለሕፃን የሳይንስ ትምህርት የሚሰጠው ሐኪም ወይም መሐንዲስ ይሆን ዘንድ ብቻ አይደለም፤ ዐይኑ ማየትን፤ ልቡ ማመዛዘንን፤ አንደበቱም ያየውን በእውነት መናገርን እንዲለምድ ነው።

ልጅን በቤት ማስተማር ለአገራችን ሰው እንግዳ ነገር አይደለም። በመኳንንቱና በባላባቱ ቤት መምህር ተቀምጦ ለልጆቹ ፊደልና ዳዊት ሲያስተምር መኖሩ የታወቀ ነው። በመጋቢት ወር 2012 ዓ.ም. በኮሮና በሽታ ምክንያት ተማሪ ቤቶች በተዘጉ ጊዜም ብዙ ወላጅ ሳያስበው የልጁ አስተማሪ ሆኖ ነበር። ይሁን እንጂ የቤት ትምህርት ራሱን የቻለ ሥርዓት ሆኖ ከሁሉ ይልቅ ተስፋፍቶ የሚታየው በአሜሪካ ነው። በዚያ አገር ከ1993 ጀምሮ በ50ዎቹም ግዛቶች በሕግ የተፈቀደ ነው። የአገሩ የሕዝብ ቆጠራ መሥሪያ ቤት በ2020 ባደረገው ጥያቄ፤ ለትምህርት የደረሱ ልጆች ካሉባቸው ቤተ ሰቦች መካከል ልጆቻቸውን በቤት የሚያስተምሩት በሚያዝያ ወር ከመቶ 5.4 ነበሩ፤ በመስከረም መጨረሻ ገደማ ግን ወደ 11.1 ከፍ ብለው ተገኝተዋል። በእንግሊዝ አገርም በ1996 የወጣው የትምህርት ሕግ ወላጅ ልጁን ከተማሪ ቤት ውጭ እንዲያስተምር ይፈቅዳል። በጀርመን አገር ግን ሕጉ ልጅን ሁሉ ወደ ተማሪ ቤት እንዲሄድ ስለሚያስገድድ፤ የቤት ትምህርት በተማሪ ቤት ፈንታ ሊቆም አይችልም።

ይህ ነገር በውጭ አገር ያሉትን ወገኖቻችንንም ይነካል። ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩበት በሜሪላንድ ግዛት፤ ልጁን በቤት የሚያስተምር ወላጅ ሊያስተምራቸው በሕግ ከሚገደዱት ትምህርቶች አንዱ ሳይንስ ነው። የልጁንም ሥራ በማኅደር ሰብስቦ ለሚመረምሩት ሰዎች ማሳየት አለበት። እንግዲህ በዚያ ላሉት ወላጆች የመጽሐፉ ምርጫ የውዴታ ብቻ ሳይሆን የግዴታም ነገር ነው ማለት ነው። ልጆቻቸውን ወደ ተማሪ ቤት ለሚልኩት ለአገራችን ወላጆች ደግሞ፤ ከሰዓት በኋላው፤ ቅዳሜውና የክረምቱ ዕረፍት ለዚህ ሥራ የተመቸ ጊዜ ነው።

ሁሉን ባንድነት የያዘ የሚባለው መጽሐፍ፤ ስለ ሕያዋን ፍጥረታት፤ ስለ ምድርና ስለ ሰማይ፤ ስለ ነገሮች ጠባይ፤ ስለ ኃይልና ስለ እንቅስቃሴ የሚያስተምረውን ሁሉ አስተባብሮ የያዘ፤ አስተማሪው የሚናገረውና ልጁ የሚሠራውም በተራ የተዘጋጀለት ነው። እንዲህ ያሉት መጻሕፍት ብዙ ቢሆኑም፤ አሠራራቸውን ለመረመረ ሰው በሦስት ዓይነት ይከፈላሉ።

1ኛ፤ ለያንዳንዱ ዓመት አንድ የትምህርት ክፍል የሚሰጡት ናቸው። ጄሲ ዋይዝና ልጇ ሱዛን ዋይዝ ባወር በ1999 «ዘ ዌል ትሬንድ ማይንድ» ብለው ባሳተሙት የታወቀ መጽሐፍ ላይ የመከሩት ይህን መንገድ ነው። ልጁ በመጀመሪያው ዓመት እንስሳትን፤ የሰውን አካልና ዕፀዋትን፤ በሁለተኛው ዓመት ምድርንና ሰማይን፤ በሦስተኛው ኬሚስትሪን፤ በአራተኛውም ፊዚክስን ይማራል። የዚህ መንገድ ጥቅሙ ልብን አለመበተኑና ለአስተማሪው መቅለሉ ነው፤ ወላጁም ዓመቱን ሙሉ ስለ አንድ ነገር ብቻ ይዘጋጃል። ጉድለቱ ግን በ6 ዓመቱ ስለ ማግኔት የጠየቀ ልጅ መልሱን እስከ 9 ዓመቱ ድረስ እንዲጠብቅ ማድረጉ ነው።

2ኛ፤ ሁሉንም ክፍሎች እንደ ሹሩባ ጎንጉነው የሚሄዱት ናቸው። በርናርድ ኔበል የተባለው አሜሪካዊ የሳይንስ መምህር በ2007 ያሳተመው መጽሐፍ ከነዚህ አንዱ ነው። ትምህርቱን በአራት መሥመር፤ ማለት በነገሮች ጠባይ፤ በሕያዋን፤ በኃይልና በእንቅስቃሴ፤ በምድርና በሰማይ ከፍሎ፤ የኋለኛው ትምህርት በፊተኛው ላይ እንዲቆም አድርጎ አሰናድቶታል። ለምሳሌ ልጁ አየር ቦታ የሚይዝ ነገር መሆኑን በዐይኑ ሳያይ፤ ስለ ነፋስ ወይም ስለ መተንፈስ አይነገረውም። ለማስተዋል ከዚህ የሚሻል ሥርዓት የለም። ነገር ግን መጽሐፉ የሚናገረው ለልጁ ሳይሆን ለወላጁ ስለ ሆነ፤ ወላጁ አስቀድሞ በማታ አንብቦ መዘጋጀት ይገባዋል፤ ጊዜ የሌለው ሰው ይደክምበታል።

3ኛ፤ ከመጽሐፍ ይልቅ ሜዳውን መጽሐፍ የሚያደርጉት ናቸው። እንግሊዛዊቱ ሻርሎት ሜሰን በ1886 ስለ ቤት ትምህርት ባሳተመችው መጽሐፍ፤ ሕፃናት ብዙውን ጊዜያቸውን በውጭ እንዲያሳልፉ፤ ትምህርታቸውም አጭር እንዲሆን መክራለች። በአሜሪካም በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ያስተማረችው አና ቦትስፎርድ ኮምስቶክ በ1911 ከ800 ገጽ በላይ የሆነ የፍጥረት ጥናት መጽሐፍ አሳትማለች። መጽሐፉ ስለ ወፍ፤ ስለ ትል፤ ስለ አበባ፤ ስለ ድንጋይና ስለ ደመና፤ በመጀመሪያ ለአስተማሪው ዕውቀቱን ይሰጠዋል፤ ቀጥሎ ልጁ ራሱ ተመልክቶ የሚመልሳቸውን ጥያቄዎች ይደረድራል። ይህ መጽሐፍ ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ እስከ ዛሬ ይነበባል።

ከኮምስቶክ ምክር ሁሉ ለፈሪ ወላጅ የሚጠቅመው አንዱ ይህ ነው፤ አስተማሪ የማያውቀውን ነገር ሲጠየቅ «አላውቅም» ቢል ክብሩ አይጎድልም ትላለች። እኛም ይህን አጥብቀን እንደግፋለን። በአገራችን ትልቅ ሰው በልጅ ፊት አላውቅም ማለትን እንደ ውርደት ይቈጥረዋል፤ ስለዚህም ያልሆነውን ነገር ፈጥሮ ይመልሳል። «አላውቅም፤ ና አብረን እንፈልገው» ያለ አባት ግን ለልጁ ሁለት ነገር አስተማረው፤ አንደኛ እውነት መናገርን፤ ሁለተኛም ዕውቀት ተፈልጎ የሚገኝ መሆኑን።

ታዲያ ከሦስቱ የትኛው ይመረጣል? ለጀማሪ ቤት የምንመክረው፤ የመጀመሪያውን ዓይነት መጽሐፍ እንደ ምሰሶ አቁሞ ሦስተኛውን እንደ ማገር መጨመር ነው። ይኸውም በሳምንት ሁለት ቀን መጽሐፉን ተከትሎ ማስተማር፤ በሳምንት አንድ ቀን ደግሞ ወደ ውጭ ወጥቶ አንድ ነገር መመልከት ነው። ባልና ሚስት ተረዳድተው በሳምንት አንድ ማታ ለንባብ የሚተርፋቸው ከሆነ ግን ሁለተኛው ዓይነት ይበልጣል። ልጆቹ ሦስትና አራት የሆኑ እንደ ሆነም ለያንዳንዱ የተለየ መጽሐፍ መግዛት አያስፈልግም። ከ5 እስከ 9 ዓመት ያሉት አንዱን ነገር አብረው ሊያዩ ይችላሉ፤ ታናሹ በቃል ይናገራል፤ ታላቁ ይጽፋል።

መጽሐፉን ከመግዛት በፊት ግን መመርመር ይገባል፤ ከመጠምጠም መማር ይቅደም እንደሚባለው ሁሉ፤ ከመክፈልም መግለጥ ይቅደም። የመጽሐፍን እውነተኛነት ለመፈተን ራስን ሊቅ ማድረግ አያስፈልግም፤ አራት ቦታ ገልጦ ማየት ይበቃል።

አንደኛው የሻማው ፈተና ነው። የበራ ሻማ በሳህን ላይ አቁመው፤ በዙሪያው ውሃ አፍስሰው፤ ብርጭቆ ቢደፉበት ሻማው ይጠፋል፤ ውሃውም ወደ ብርጭቆው ውስጥ ይወጣል። ብዙ መጻሕፍት «ነበልባሉ ኦክሲጂኑን ስለ ጨረሰ ውሃው ቦታውን ያዘ» ይላሉ። ይህ ስሕተት ነው፤ ሻማው የሚጠፋው ኦክሲጂኑ ሁሉ ሳያልቅ ነው። ውሃው የሚወጣበት ዋናው ምክንያት፤ በነበልባሉ የሞቀው አየር ነበልባሉ ከጠፋ በኋላ ቀዝቅዞ ስለሚኮማተር ነው። ልጁን አስተውል ብትሉት፤ ውሃው ይበልጡን የሚወጣው ሻማው ከጠፋ በኋላ መሆኑን ራሱ አይቶ ይነግራችኋል።

ሁለተኛው የወቅቶች ፈተና ነው። መጽሐፉ «ምድር ወደ ፀሐይ ስትቀርብ ሙቀት፤ ስትርቅ ብርድ ይሆናል» የሚል ከሆነ ወደ ቦታው መልሱት። ምድር ለፀሐይ እጅግ የምትቀርበው በታኅሣሥ መጨረሻ ገደማ ሲሆን፤ ያን ጊዜ ርቀቱ 147 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በሰኔ መጨረሻ ግን 152 ሚሊዮን ያህል ይሆናል። አሜሪካና አውሮፓ በረዶ የሚለብሱት እንግዲህ ምድር ለፀሐይ በቀረበችበት ወራት ነው። የወቅቶች ምክንያት የምድር ዘንበል ብሎ መዞር እንጂ መቅረብና መራቅ አይደለም።

ሦስተኛው የምላስ ፈተና ነው። የምላስ ጫፍ ጣፋጭን ብቻ፤ ሥሩም መራራን ብቻ ይለያል የሚል ሥዕል በብዙ መጻሕፍት ይታያል። ይህ በ1901 በጀርመን አገር የታተመ ጥናት በኋላ ጊዜ በስሕተት ስለ ተተረጐመ የመጣ ነው። ጥቂት ስኳር በምላሱ ጎን ላይ ያኖረ ልጅ ሁሉ ሐሰትነቱን ያውቀዋል። አራተኛውም የደም ፈተና ነው። በደም ሥር ውስጥ የሚመለሰው ደም ሰማያዊ ነው የሚል መጽሐፍ ተሳስቷል። ደም ሁልጊዜ ቀይ ነው፤ ኦክሲጂን ሲያንሰው ይጠቁራል እንጂ ሰማያዊ አይሆንም። ሰማያዊ መስሎ የሚታየን ብርሃን በቆዳችን ውስጥ አልፎ ስለሚመለስ ነው። ከነዚህ ከአራቱ በሁለቱ የተሳሳተ መጽሐፍ፤ ሽፋኑ ምንም ቢያምር ለልጅ አይሆንም።

ከእውነተኛነቱ ቀጥሎ መጽሐፉ ለአገር የሚስማማ መሆኑ ይመረመራል። በአሜሪካ የተጻፈ መጽሐፍ ስለ በረዶ ሰው፤ በመጸው ስለሚረግፍ ቅጠል፤ ስለማናውቃቸውም ወፎች ይናገራል። መጽሐፉ በዚህ አይነቀፍም፤ ለተጻፈበት አገር ልጅ እውነት ነውና። የአዲስ አበባ ልጅ ግን በዐይኑ የማያየውን ነገር ሲያጠና፤ ሳይንስ ማለት በሩቅ አገር ያለ ነገር ይመስለዋል። ስለዚህ ወላጁ ምሳሌውን መለወጥ አለበት፤ በበረዶው ፈንታ የክረምቱን ዝናም፤ በሚረግፈው ቅጠል ፈንታ ዝናሙ ሲያባራ መስኩን የሚሞላውን አደይ አበባ ያሳየዋል።

እንዲያውም አገራችን ለፍጥረት ጥናት የምትሰጠው ነገር በብዙ አገር የማይገኝ ነው። በአዲስ አበባ አንድ ቀጥ ያለ እንጨት በግቢ ተክላችሁ ጥላውን በየሳምንቱ ብትለኩ፤ ሚያዝያ 5 ቀን ገደማና ነሐሴ 23 ቀን ገደማ ፀሐይ በአናት ላይ ስለምትሆን፤ በቀትር ጥላው ሊጠፋ ምንም አይቀረውም። በሁለቱ ቀኖች መካከል የቀትሩ ጥላ ወደ ደቡብ ይወድቃል፤ በቀሩት ወራት ግን ወደ ሰሜን ነው። በነሐሴ ደመና ቢከለክል እንኳ በሚያዝያ ይታያል። በዋሽንግተን የሚኖር የአክስቱ ልጅ ያንኑ እንጨት ቢተክል ግን ፀሐይ በአናቱ ላይ ከቶ አትሆንም፤ የቀትሩ ጥላ ዓመቱን ሁሉ ወደ ሰሜን ይወድቃል። ሁለቱ ልጆች የለኩትን ቢጻጻፉ፤ ምድር ክብ መሆኗን ከማንም መጽሐፍ ይልቅ ይረዱታል።

እንደዚሁም ውሃ በባሕር ጠረፍ በ100 ዲግሪ ሲፈላ፤ በአዲስ አበባ ከፍታ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። በደጋ ባቄላና ሽምብራ ለመብሰል ጊዜ የሚፈጅበትም ምክንያት ይህ ነው፤ የፈላው ውሃ ሙቀቱ ያነሰ ነውና። «ውሃ በ100 ዲግሪ ይፈላል» ብሎ የሚያበቃውን መጽሐፍ ያነበበ ልጅ፤ በእናቱ ማድ ቤት በቴርሞሜትር ለክቶ ሌላ ቁጥር ቢያገኝ፤ «መጽሐፉ ነው ወይስ እኔ ነኝ የተሳሳትሁት?» ብሎ ይጠይቃል። እውነተኛው የሳይንስ ትምህርት የሚጀመረው ከዚህ ጥያቄ ነው። ወላጅም በዚህ ጊዜ «መጽሐፉን እመን» ብሎ እንዳይዘጋበት አደራ እንላለን።

ከዚህም በቀር መጽሐፉን የጻፈው ሰው ሐሳቡ ምን እንደ ሆነ ከመቅድሙ መረዳት ይገባል። በአሜሪካ ለቤት ትምህርት ከተዘጋጁት የሳይንስ መጻሕፍት አያሌዎቹ በሃይማኖት መሠረት የተጻፉ ናቸው። ከነዚህም አንዳንዶቹ የምድርን ዕድሜ በሺሕ ዓመታት ብቻ ይቈጥራሉ፤ የሳይንስ ሊቃውንት በልዩ ልዩ መንገድ መርምረው ያገኙት ግን 4.5 ቢሊዮን ዓመት ያህል ነው። ወላጅ ሃይማኖቱን ለልጁ የሚያስተምርበት የራሱ ሥርዓትና የራሱ መምህር አለው፤ የሳይንሱን መጽሐፍ ግን ምን እንደያዘ ሳያውቅ ገዝቶ፤ በመካከሉ እንዳይደነግጥ አስቀድሞ ያንብብ።

አሁን «ቀላል» ስለሚባለው ነገር ጥቂት እንናገር። ቀላል ትምህርት ማለት ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ለወላጁ የሚቀልል ነው፤ ልጁ ሥዕል ቀለም ይቀባል፤ ባዶ ቦታ ይሞላል፤ በቴሌቪዥን ወይም በስልክ ፊልም ይመለከታል፤ ገጹም ያልቃል። ዓመቱ ሲፈጸም መጽሐፉ ሞልቶ ይገኛል፤ ልጁ ግን አንድ ነገር እንኳ በእጁ አልነካም። ሁለተኛው ለልጁ የሚቀልል ነው፤ ይኸውም የሚያስፈልገው ዕቃ በቤት ያለ፤ ትዕዛዙ ግልጥ የሆነ፤ ጊዜው አጭር የሆነ፤ መልሱ ከመነገሩ በፊት ልጁ የሚገምትበት ጊዜ የሚሰጥ ነው። ወላጆች ሊፈልጉት የሚገባው ይህን ሁለተኛውን ነው። የመረጣችሁትን መጽሐፍ አንድ ትምህርት ገልጣችሁ፤ «ልጄ በዚህ ትምህርት ምን ይነካል? ምንስ ይገምታል?» ብላችሁ ጠይቁ፤ መልስ ያላገኛችሁለት እንደ ሆነ ተዉት።

ታላቁ እንግሊዛዊ ሊቅ ማይክል ፋራዴይ ለዚህ ነገር መልካም ምስክር ነው። የአንጥረኛ ልጅ ሆኖ በ1791 ተወለደ፤ በልጅነቱም መጽሐፍ ጠራዥ ዘንድ ለሥራ ገብቶ፤ ሊጠርዛቸው የመጡትን መጻሕፍት እያነበበ ነው የተማረው። በሎንዶን ሮያል ኢንስቲትዩሽን በሚባለው ቤት ከ1825 ጀምሮ በልደት በዓል ሰሞን ለልጆች የሚሰጥ ትምህርት ነበር፤ ይህም እስከ ዛሬ አልቀረም። ፋራዴይ በ1860 መጨረሻና በ1861 መጀመሪያ በዚያ ቤት ለልጆች ስድስት ትምህርት ሲሰጥ፤ የስድስቱም ርእስ አንድ ሻማ ነበር። ከአንዲት ሻማ ተነሥቶ ስለ አየር፤ ስለ ውሃ፤ ስለ መቃጠልና ስለ መተንፈስ አስተማረ። ከርሱ ትምህርት አንዱን ዛሬ ማታ በቤታችሁ ልትሠሩት ትችላላችሁ። ነፋስ በሌለበት ስፍራ ሻማውን አጥፉት፤ ከፈትሉ ነጭ ጢስ ይወጣል። ወዲያው የበራ ክብሪት ወደ ጢሱ ብታቀርቡ፤ ፈትሉን ሳይነካው እሳቱ በጢሱ ላይ ወርዶ ሻማውን ያበራዋል። ሰሙ በመጀመሪያ ቀልጦ፤ ቀጥሎም ተንኖ እንደሚነድድ ልጁ በዚህ ያውቃል። ለዚህ ሁሉ ያወጣው ገንዘብ የአንድ ሻማ ዋጋ ብቻ ነው።

ስለ ባልትናም እንዲሁ ነው። «እኔ ሳይንስ አላውቅም» የምትል እመቤት፤ የጤፍ ሊጥ በእርሾ ሲቦካ ዕለት ዕለት ታያለች። በእርሾው ውስጥ ያሉት በዐይን የማይታዩ ነፍሳት የዱቄቱን ስኳር እየበሉ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚባለውን ጋዝ ያወጣሉ፤ ሊጡ የሚኮፈሰው በዚህ ነው። ምጣዱም ላይ ጋዙ ሲያመልጥ የእንጀራው ዐይን ይወጣል። ሊጡን በሁለት ብርጭቆ ከፍላችሁ አንዱን በሞቀ ስፍራ፤ ሁለተኛውን በቀዘቀዘ ስፍራ አኑሩ፤ ልጁ የትኛው ፈጥኖ እንደሚኮፈስ አስቀድሞ ይገምት፤ በማግሥቱም ይመልከት። ወተት ሲናጥ ቅቤ የሚወጣውም በወተቱ ውስጥ የተበተኑት የስብ ጠብታዎች እየተጋጩ ስለሚያያዙ ነው። አያቶቻችን የሚያውቁትን ሥራ፤ መጽሐፉ ምክንያቱን ይጨምርበታል እንጂ አዲስ ነገር አያመጣም።

የሳምንቱ ሥርዓት እንደሚከተለው ቢሆን መልካም ነው። በመጀመሪያው ቀን 20 ደቂቃ ያህል አንድ ትምህርት አንብቦ ልጁን ማነጋገር፤ በሁለተኛው ቀን ፈተናውን ወይም ሥራውን በእጁ ማሠራት፤ በሦስተኛው ቀን ወደ ውጭ ወጥቶ ስለዚያው ነገር መመልከት ነው። ልጁ መሥመር የሌለው ደብተር ይኑረው፤ ያየውን ይሣል፤ ቀኑን ይጻፍበት። ሥዕሉ ባያምር አትቈጡት፤ የአበባው ቅጠል አምስት ሆኖ ሳለ ስድስት አድርጎ የሣለ እንደ ሆነ ግን «እስቲ ደግመህ ቊጠር» በሉት። በሜሪላንድ ያሉት ወላጆች ለመርማሪዎቹ የሚያሳዩት ከዚህ ደብተር የተሻለ ማስረጃ አያገኙም። መጽሐፉ በእንግሊዝኛ ቢሆንም ንግግሩ በአማርኛ ይሁን፤ ሥር፤ ግንድ፤ ቡቃያ፤ ዛላ፤ ገለባ የሚሉትን ቃላት ልጁ ከእናቱ አፍ ካልሰማ ከየትም አይሰማቸውምና።

ስለ ዕቃ ብዙ መጨነቅ አያስፈልግም። ሁሉ ነገር የተሟላለት ሣጥን እየተባለ የሚሸጠው ዋጋው ይበዛል፤ ከውስጡ የሚገኘውም ብዙውን ጊዜ ፊኛ፤ ክርና ብርጭቆ ነው። አጕልቶ የሚያሳይ መነጽር፤ ቴርሞሜትር፤ ማግኔት፤ ማስመሪያና ትንሽ ሚዛን ከተገኙ ለብዙ ዓመት ይበቃሉ። እሳትና የፈላ ውሃ ባለበት ሥራ ግን ትልቅ ሰው ከአጠገብ አይለይ፤ ፀሐይንም በባዶ ዐይን ወይም በመነጽር እንዳያዩ አጥብቃችሁ ከልክሉ። በረኪናን ከሆምጣጤ ወይም ከሌላ ማጽጃ ጋር መደባለቅ መርዘኛ ጋዝ ስለሚያወጣ ከቶ አይደረግ።

በመጨረሻም አንድ ነገር ለአባቶች እናስታውቃለን። መጽሐፉን መግዛት የአባት፤ ማስተማሩ የእናት ብቻ ነው ተብሎ የሚከፈል ሥራ አይደለም። ከመሥሪያ ቤቱ ደክሞ የተመለሰ ሹም ልጁን ጠርቶ «ዛሬ ምን አየህ?» ብሎ ቢጠይቅ፤ የልጁንም ደብተር ገልጦ ቢመለከት፤ ይህ 5 ደቂቃ የማይፈጅ ጥያቄ ከመጽሐፉ ሁሉ ይበልጣል። ሴት ልጁንም እንደ ወንድሟ ይጠይቃት፤ ጥላው ለሁለቱም እኩል ይወድቃል፤ ሊጡም ለሁለቱም እኩል ይቦካል። ትምህርቱ በዓመት ባያልቅ አትቸኩሉ፤ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል። መጽሐፉ የተመረጠው በመልካም መሆኑ የሚታወቀው ገጹ ባለቀ ጊዜ አይደለም፤ ልጃችሁ መጽሐፉ ያልጠየቀውን ጥያቄ ይዞ ወደ እናንተ በመጣ ጊዜ ነው። ያን ጊዜ ሥራችሁን አቁማችሁ አድምጡት።